ሪል እስቴት፣ ሪያል ማድሪድ፣ የሳውዲ ሪያል፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምመልሳቸው ጥያቄዎች ከተለያየ ቦታ የመጡ ናቸው። ሁሉም የሚጠይቁት ግን ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ስለ «ሪል»። ቃሉ አማርኛችን ውስጥ ከገባ ቆይቷል። ቤት ስንገዛ ይመጣል፣ ሒሳብ ስንማር ይመጣል፣ ስለ ደመወዝ ስናወራም ይመጣል። ስለዚህ ደብዳቤዎቹን አንድ ላይ ሰብስቤያቸዋለሁ። «ዓ.ም.» ያላልኩበት ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የሪል እስቴት ፈቃድ ለማውጣት ኮርስ እየወሰድኩ ነው። አንድ ቪዲዮ ላይ ሰውየው «ሪል በስፓኒሽ ንጉሣዊ ማለት ነው፣ ስለዚህ ሪል እስቴት ማለት የንጉሥ ርስት ነው፣ ቤቱ መቼም የእናንተ አይሆንም፣ በየዓመቱ ግብር የምትከፍሉትም ለዚህ ነው» ሲል ሰማሁ። አብረውኝ የሚማሩትም አምነውታል። እውነት ነው እንዴ?

መልስ፦ አይደለም፣ እህቴ። ይህ ወሬ አሜሪካ ውስጥ በጣም የተሰራጨ ነው። ሰው የሚያምነው ግማሹ ልክ ስለሆነ ነው። በስፓኒሽ «ሬያል» ንጉሣዊ ማለት ነው፣ ይህ ሐቅ ነው። የሪል እስቴቱ «ሪል» ግን ከስፓኒሽ አልመጣም። ሁለቱ ቃላት ድምፃቸው ተገጣጠመ እንጂ ዘራቸው ለየቅል ነው።

የሪል እስቴቱ «ሪል» ምንጩ «ሬስ» የሚል የላቲን ቃል ነው። «ሬስ» ማለት ነገር ማለት ነው፤ እና እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ መሆን ይጠቅማል፣ ምክንያቱም የእኛ «ነገር» ልክ እንደ «ሬስ» ሰፊ ነው። ነገር ዕቃ ነው። ነገር ጉዳይም ነው። ነገር ክርክርም ነው፤ ነገረኛ ሰው ስንል፣ ነገረ ፈጅ ስንል፣ ነገር በረደ ስንል ይኸው ነው። ሮማውያንም ዕቃውን፣ ጉዳዩንና ፍርድ ቤት የቀረበውን ክርክር በዚሁ በአንድ ቃል ነበር የሚጠሩት። ሪፐብሊክ የሚለው ቃል ራሱ «ሬስ ፑብሊካ» ነው፤ የሕዝብ ጉዳይ እንደማለት። ኋላ ላይ ከ«ሬስ» «ሬያሊስ» የሚል ቅጽል ወጣ። ቃል በቃል እንውሰደው ካልን «ነገራዊ» ልንለው እንችላለን። እሱ ነው በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝኛ ውስጥ የገባው።

የገባበት በር ደግሞ ፍርድ ቤት ነው። ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የዳኞቹና የጠበቆቹ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። ይህ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቆየ። በ1362 «ክርክር በእንግሊዝኛ ይሁን» የሚል ሕግ ወጣ፤ ያ ሕግ ራሱ ግን የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነበር። በእነዚያ ፍርድ ቤቶች ክስ በሁለት ይከፈል ነበር። አንደኛው «ሪል» ክስ፣ ሁለተኛው «ፐርሰናል» ክስ ይባላል።

ልዩነቱን በምሳሌ እንየው። አንድ ሰው ላምህን ወስዶ አረዳት እንበል። ትከሰዋለህ፣ ይፈረድበታል፣ የላሚቱን ዋጋ ይከፍልሃል። ክሱ ያነጣጠረው ሰውየው ላይ ነው፣ የምታገኘውም ገንዘብ ነው። ይህ ፐርሰናል ነው። አሁን ደግሞ ያው ሰው መሬትህን ነጠቀ እንበል። መሬት አይታረድም፣ አይጠፋም፣ የትም አይሄድም። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ «ዋጋውን ይክፈልህ» አይልም። ያንኑ መሬት፣ ከነወሰኑ፣ ከነዛፉ ይመልስልሃል። ነገሩን ራሱን ስለሚያስመልስ ክሱ «ሪል» ተባለ፤ በእንደዚህ ዓይነት ክስ የሚመለሰው ንብረት ደግሞ «ሪል» ንብረት ተባለ። «ሪል እስቴት» የሚለው አጠራር በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሲመጣ ይህ አካሄድ ብዙ ዘመን አልፎት ነበር።

ለጓደኞችሽ አንድ ማስረጃ ልስጥሽ። በእንግሊዝም በአሜሪካም ሕግ የሪል ንብረት ተቃራኒው ፐርሰናል ንብረት ነው፤ መኪናው፣ ሶፋው፣ ጌጣጌጡ። «ሪል» ንጉሣዊ ማለት ቢሆን ኖሮ ተቃራኒው የተራ ሰው ንብረት ወይም የገበሬ ንብረት የሚል ስም ይኖረው ነበር። የለውም። ግብሩ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። መንግሥት መኪናሽንም ግብር ያስከፍልሻል፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ስላለሽ ይህን በደንብ ታውቂዋለሽ፣ መኪና ደግሞ ሪል እስቴት አይደለም።

ፈቃዱን ስለምታወጪ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። «ሪልተር» የሚለው ቃል የሥራው መጠሪያ አይደለም፤ የንግድ ምልክት ነው። በ1916 ሚኒያፖሊስ ውስጥ ቻርልስ ቻድቦርን የሚባል የቤት ደላላ የፈጠረው ስም ነው፣ አሁን ባለቤቱ የአሜሪካ ሪልተሮች ብሔራዊ ማኅበር ነው። ፈቃድ ያለው ሁሉ ሪልተር አይባልም። የማኅበሩ አባል ካልሆንሽ ቢዝነስ ካርድሽ ላይ እንዳትጽፊው።

አገር ቤት ያላችሁ አንባቢዎችም እግረ መንገዳችሁን ይህን ያዙ። የእኛ ሕግ ይህን የእንግሊዝ አከፋፈል አልተከተለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ በአንቀጽ 1126 ንብረት ሁሉ የሚንቀሳቀስ ወይም የማይንቀሳቀስ ነው ይላል፣ በአንቀጽ 1130 ደግሞ መሬትና ሕንፃ የማይንቀሳቀሱ ናቸው ይላል። ስለዚህ የ«ሪል እስቴት» ትክክለኛው የሕግ አማርኛ የማይንቀሳቀስ ንብረት ነው። ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። እንግሊዞች «ሪል» ሲሉ ከሁሉ በፊት መሬቱን ማለታቸው ነው፣ ቤቱ መሬቱን ተከትሎ ነው የሚመጣው። እኛ አገር ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ መሬት አይሸጥም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ «ሪል እስቴት ገዛሁ» የሚል ሰው የገዛው ቤቱን ነው፤ መሬቱ ላይ ያለው የመጠቀም መብት ነው። ስለዚህ ቅድመ ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት የሊዙ ዘመን ስንት እንደቀረው ጠይቁ። ካርታው በማን ስም እንደሆነም በዓይናችሁ እዩ። ብሮሹሩ ላይ ያለው ሥዕል ስለዚህ ምንም አይነግራችሁም፣ ብዙ ሰው ግን የሚያየው ሥዕሉን ነው፤ ይህ በጣም ያሳስበኛል።

ጥያቄ፦ ጅዳ ነው የምሠራው፣ ሹፌር ነኝ። ደመወዜ በሪያል ነው፣ የምደግፈው ቡድን ሪያል ማድሪድ ነው። የሁለቱ ስም አንድ ነው ወይስ አጋጣሚ ነው? የሪያድ ከተማስ?

መልስ፦ የሁለቱ አንድ ነው፣ ወንድሜ። የከተማው አይደለም። ሪያድ በዓረብኛ የአትክልት ቦታዎች ማለት ነው፤ ከገንዘቡ ጋር አይገናኝም።

እዚህ ያለው «ሪያል» ከላይ ለቨርጂኒያዋ እህታችን «ይህ አይደለም» ያልኳት ሌላኛው ቃል ነው። ምንጩ «ሬክስ» ነው፤ በላቲን ንጉሥ። ከሱ «ሬጋሊስ» ወጣ፣ ስፓኒሾች ደግሞ አሳጥረው «ሬያል» አሉት። ፈረንሳዮች በሌላ መንገድ ወስደውት በመጨረሻ የእንግሊዝኛው «ሮያል» ሆነ። ካናዳ ያለው ሞንትሪያልም ስሙ ከዚሁ ነው፤ ንጉሣዊ ተራራ ማለት ነው።

ክለቡ በ1902 ሲመሠረት ስሙ ማድሪድ ብቻ ነበር። «ሪያል» የሚለውን ማዕረግ በ1920 የሰጡት ንጉሥ አልፎንሶ 13ኛ ናቸው፤ አርማው ላይ ያለው ዘውድም ከዚያ የመጣ ነው። በ1931 ንጉሡ አገር ጥለው ወጡ፣ ስፔን ሪፐብሊክ ሆነች፣ ክለቡም ማዕረጉንና ዘውዱን አጣ። ዓመታትን ያለ «ሪያል» ነው የተጫወተው። የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1939 ካበቃ በኋላ ነው የተመለሰለት። ሪያል ሶሲዳድ፣ ሪያል ቤቲስ የሚባሉትም ማዕረጉን ያገኙት ከንጉሥ ነው። አሜሪካ ያለው ሪያል ሶልት ሌክ ግን ማንም ንጉሥ አልሰጠውም፤ የስፔኖቹን አይቶ የተሰየመ ነው።

ወደ ደመወዝህ እንምጣ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በዛሬዋ ስፔን በነበረው በካስቲል መንግሥት «ሬያል» የሚባል የብር ሳንቲም ይመታ ጀመር፤ የንጉሡ ሳንቲም ማለት ነው። በኋላ ስፔን ሜክሲኮንና በዛሬዋ ቦሊቪያ ያለችውን ፖቶሲን ይዛ ብዙ ብር ስታወጣ፣ ስምንት ሬያል የሚያወጣው ትልቁ ሳንቲም ዓለምን ዞረ። ቻይና ገባ፣ ሕንድ ገባ፣ አሜሪካ ውስጥ እስከ 1857 ድረስ ሕጋዊ መገበያያ ነበር። የዓረብና የፋርስ ነጋዴዎችም ስሙን ወሰዱት፣ ከዚያ በኋላ ወፍራም የብር ሳንቲም ሲያዩ ሪያል ማለት ለመዱ።

እና ይህ ሳንቲም የእኛም ታሪክ ውስጥ አለ። የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ 1780 የሚል የተጻፈበት ሳንቲም፣ አያቶቻችን ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ የሚሉት፣ የመን ውስጥ «ሪያል ፈራንሲ» ነበር የሚባለው። አንድ ነጋዴ ምፅዋ ላይ ብር ብሎ የቆጠረውን ሞካ ላይ ሪያል ብሎ ይቆጥረዋል። ሳንቲሙ ያው ነው። እኛ የተሠራበትን ማዕድን ይዘን ብር አልነው፣ እነሱ የስፔኑን ንጉሥ ስም ይዘው ሪያል አሉት። ኢትዮጵያ በ1937 ዓ.ም. የራሷን የወረቀት ብር አውጥታ ጠገራውን ከገበያ ስታስወጣ ስሙን ይዛ ቀጠለች። ስለዚህ አሁን ከጅዳ ሪያል ልከህ ቤተሰብህ ብር ሲቀበል፣ ሁለቱም ስሞች በአንድ ወቅት ለአንድ ሳንቲም ያገለገሉ ነበሩ።

ስፔን ራሷ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሬያልን ትታ፣ በ1868 ገንዘቧን ፔሴታ አድርጋ ነበር። ብራዚል ግን በ1994 አዲሱን ገንዘቧን «ሬያል» አለችው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የዋጋ ግሽበቱ ከ2000 በመቶ በላይ ነበር፣ ገንዘቡ ጠዋትና ማታ ዋጋው የተለያየ ነበር። በፖርቹጋልኛ «ሬያል» ሁለቱንም ትርጉም ይይዛል፤ የድሮው የንጉሥ ገንዘብ ስምም ነው፣ የምር የሆነ ማለትም ነው። ሕዝቡ በገንዘቡ እንዲተማመን ለፈለገ መንግሥት ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም።

ጥያቄ፦ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ከደሴ። የሒሳብ መምህራችን ስለ ሪል ቁጥሮች ሲያስተምሩን «ሪል ያልሆኑም አሉ፣ ኢማጂነሪ ይባላሉ፣ በኋላ ትማሯቸዋላችሁ» አሉን። የሌለ ቁጥር ለምን እንማራለን?

መልስ፦ ጎበዝ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። የቃሉ ምርጫ ብዙ ተማሪ አሳስቷል።

ይህን ስም በ1637 ያወጣው ፈረንሳዊው ፈላስፋና የሒሳብ ሊቅ ሬኔ ዴካርት ነው። በዚያን ጊዜ ኔጌቲቭ ቁጥር ራሱ ብዙ ሰው አልተቀበለውም ነበር። ዴካርት የአንድን ኢኩዌሽን መልሶች ሲዘረዝር ፖዘቲቮቹን «እውነተኛ»፣ ኔጌቲቮቹን «ሐሰተኛ» ይላቸው ነበር። እስኪ ደብተርህን አውጣ። ኤክስ ስኩዌር ሲደመር ኤክስ ሲቀነስ 6 እኩል ይሆናል 0 የሚለውን ሥራው። መልሱ 2 እና ኔጌቲቭ 3 ነው። ለዴካርት 2 እውነተኛ ነው፣ ኔጌቲቭ 3 ሐሰተኛ ነው፤ ሁለቱም ግን «ሪል» ናቸው። አየህ? ሐሰተኛም ሆኖ ሪል መሆን ይቻላል። ምክንያቱም «ሪል» ሲል እውነት ስለመሆን አልነበረም የሚያወራው፤ ልታገኘው የምትችለው መጠን ስለመሆኑ ነበር። ቀጥለህ ደግሞ ኤክስ ስኩዌር ሲደመር 1 እኩል ይሆናል 0 በል። ራሱን በራሱ ሲባዛ ኔጌቲቭ 1 የሚመጣ ቁጥር የቁጥር መስመሩ ላይ የለም። ዴካርት እንደዚህ ዓይነቱን መልስ «ኢማጂነሪ» አለው፤ በሐሳብ ብቻ ያለ።

ስሙ ቀረ፣ ሐሳቡ ግን ተለወጠ። በ1831 ታላቁ ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅ ጋውስ ስያሜውን አጥብቆ ተቃውሞ ነበር። ፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ እና ኢማጂነሪ ከማለት ይልቅ ቀጥተኛ፣ ተገላቢጦሽ እና ጎናዊ ቢባሉ ኖሮ ማንም አይደናገርም ነበር አለ። ልክ ነው። የቁጥር መስመሩን አስምር፤ ወደ ቀኝ ፖዘቲቭ፣ ወደ ግራ ኔጌቲቭ ነው። አሁን ከ0 ተነስተህ ቀጥ ብለህ ወደ ላይ ውጣ። ያ ነው ኢማጂነሪ የሚሉት። አቅጣጫ ነው እንጂ ቅዠት አይደለም። ቤትህ የሚገባውን የመብራት ኃይል የሚያሰሉ ኢንጂነሮች በየቀኑ ይጠቀሙበታል። ስሙ እንዳያስፈራህ።

ጥያቄ፦ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ ሐዋሳ። ደመወዝ ሲጨመርልን ባለሙያዎች በቴሌቪዥን ቀርበው «ሪል ገቢ ግን ቀንሷል» ይላሉ። እጄ ላይ የገባው ብር ጨምሮ እያየሁት እንዴት ቀንሷል ይሉኛል?

መልስ፦ እርስዎም ልክ ነዎት፣ እነሱም ልክ ናቸው። እርስዎ የሚያዩት ብሩን ነው፣ እነሱ የሚያዩት ብሩ የሚገዛውን ነገር ነው። ከላይ «ሬስ» ነገር ማለት ነው ብያለሁ፤ የኢኮኖሚክሱ «ሪል» ይህን ትርጉም በትክክል ይዟል። ተቃራኒው «ኖሚናል» ነው፣ እሱም «ስም» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። አዳም ስሚዝ በ1776 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ለዚህ ልዩነት ሰጥቶታል። በእኛ አባባል አንደኛው በስም ያለ ደመወዝ ነው፣ ሌላኛው በነገር ያለ ደመወዝ ነው።

እንቁጠረው። ደመወዝዎ 10,000 ብር ነበር እንበል። 15 በመቶ ተጨመረ፣ 11,500 ሆነ። በዚያው ጊዜ የዕቃ ዋጋ 25 በመቶ ወጣ። 11,500ን ለ1.25 ያካፍሉት፤ 9,200 ይመጣል። በዛሬው 11,500 ብር የሚገዙት ጤፍ፣ ዘይትና ሽንኩርት ድሮ በ9,200 ብር ይገዙት የነበረውን ያህል ነው። በስም 1,500 ብር አደጉ፣ በነገር 800 ብር ወረዱ።

የባንክ ቁጠባም እንዲሁ ነው። 100,000 ብር አስቀምጠው በዓመት 7 በመቶ ወለድ ቢያገኙ 107,000 ይሆናል። ዋጋ በዚያ ዓመት 20 በመቶ ከወጣ ግን አምና በ100,000 ይገዙት የነበረው ዕቃ ዘንድሮ 120,000 ነው። ወለድ አግኝተው 13,000 ብር ጎደለዎት። «ሪል ወለዱ ከዜሮ በታች ነው» ሲሉ ይህንን ማለታቸው ነው። የደመወዝ ጭማሪ ሲነገርዎት ጭማሪው ስንት በመቶ ነው ብለው ይጠይቁ፣ ወዲያው ደግሞ ዋጋ ስንት በመቶ ወጣ ብለው ይጠይቁ። ሁለተኛው ካልተነገረ የመጀመሪያው ብቻውን ብዙም አይነግርዎትም።

ጥያቄ፦ በጡረታ ላይ ያለሁ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ፣ ከባሕር ዳር። ተማሪዎቼ «ሪል»ን ሁልጊዜ «እውነተኛ» ብለው ይተረጉሙታል። ብዙ ጊዜ አያስኬድም። ከ«ትሩ» እና ከ«አክቹዋል» በምን ይለያል? በአማርኛስ ምን ብንለው ይሻላል?

መልስ፦ መምህር፣ ጥያቄዎ ከሁሉም ከባዱ ነው፤ ለእኔ ደግሞ ከሁሉም የሚጣፍጠው።

በቀላሉ እንጀምር። «ትሩ» በዋናነት የሚስማማው ለንግግር ነው። አንድ ሰው የተናገረው እውነት ወይም ውሸት ይሆናል። «ሪል» የሚስማማው ለነገር ነው። «አክቹዋል» ደግሞ ድርጊት ከሚል የላቲን ቃል ስለመጣ፣ ከታሰበው ተለይቶ የሆነውን ይነግረናል። መሥሪያ ቤት ሪፖርት ላይ በአንድ በኩል ፕላን፣ በሌላ በኩል አክቹዋል ተብሎ የሚሞላው ሠንጠረዥ ይህን በደንብ ያሳያል።

«ሪል» ግን ብቻውን ሲቆም ትርጉሙ ሙሉ አይሆንም። ይህን አጥርቶ ያሳየው የኦክስፎርዱ ፈላስፋ ጄ. ኤል. ኦስቲን ነው። አንድ ሰው «ይህ ሪል ዳክዬ ነው» ቢል ምን ማለቱ ነው? መጫወቻ አይደለም ማለቱ ሊሆን ይችላል። ሥዕል አይደለም ማለቱም ሊሆን ይችላል። አዳኞች ሌሎች ዳክዬዎችን ለማታለል ውኃ ላይ የሚያስቀምጡት የእንጨት ዳክዬ አይደለም ማለቱም ሊሆን ይችላል። ምን እንዳልሆነ ካላወቅን ምን እንደሆነ አልነገረንም። ስለዚህ ተማሪዎችዎ «ሪል» ሲገጥማቸው መጀመሪያ «ከምን ለይቶ ነው?» ብለው እንዲጠይቁ ያድርጓቸው። ፎርጂድ የ200 ብር ኖት ያስቡ። ሪል ወረቀት ነው፣ ሪል ቀለም ነው፣ ሪል ብር ግን አይደለም። ያው ኖት እንደተነሳው ጥያቄ ሪልም ነው፣ ሪል አይደለምም።

አማርኛ ለዚህ አንድ ቃል የለውም። ይህን እንደ ድህነት የሚያዩት አሉ፤ እኔ በፍጹም አልስማማም። የእኛ ቋንቋ ለየተቃራኒው የራሱን ቃል ይዞ ይጠብቃል። ቅቤው ሙዝ ያልተቀላቀለበት ሲሆን «ንጹሕ» እንላለን። ጫማው የተመሳሰለ ካልሆነ መርካቶ ሻጩ «ኦርጅናል ነው» ይላል። ከቤት ስም የተለየው ስም የመዝገብ ስም ነው። ሰውየው እየቀለደ እንዳልሆነ ስናጣራ «የምር?» እንላለን። ከፊልምና ከልብ ወለድ ስንለይ «በገሃዱ ዓለም» እንላለን። ከሕልም ስንለይ ደግሞ «በእውን»፤ «በእውኔ ነው በሕልሜ?» የሚለው አነጋገራችን ይህንኑ ይናገራል። «ሪል ችግሩ» ሲሉ «ዋናው ችግር» ነው። በእነዚህ ሁሉ ቦታ «እውነተኛ» ቢገባ አማርኛው ይጎረብጣል፤ «እውነተኛ ቅቤ»ን ቅቤ ተራ ሄዶ ቢጠይቅ ሰው ምን እንደሚመልስለት እርስዎ ያውቃሉ።

አንድ ቦታ ግን ጥንቃቄ እንዲያደርጉ ይንገሯቸው። «ሪል እናቱ» የሚለውን «እውነተኛ እናቱ» ብለው እንዳይተረጉሙት። «ወላጅ እናቱ» ይበሉ። ያሳደገችው እናት ሐሰተኛ አይደለችም፣ ክፍል ውስጥ ደግሞ በጉዲፈቻ ያደገ ልጅ ሊኖር ይችላል።

ሌላው ደግሞ አዲስ መጤ ሲመጣ ነባሩ «ሪል» የሚባልበት ጊዜ መኖሩ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በግንብ አዳራሽ የሚጫወቱት ጥንታዊ ቴኒስ አለ፤ በለንደን አቅራቢያ ሃምፕተን ኮርት ቤተ መንግሥት ውስጥ ዛሬም ይጫወቱታል። ለዘመናት ስሙ ቴኒስ ብቻ ነበር። በ1870ዎቹ ሣር ላይ የሚጫወቱት ቴኒስ መጥቶ ስሙን ሲወስድበት ነባሩን «ሪል ቴኒስ» ይሉት ጀመር። ነገሥታት ይጫወቱት ስለነበር ብዙ ሰው «ሮያል» ማለት ይመስለዋል፣ ግን አይደለም። የፈረንጅ ዶሮ እስኪመጣ ድረስ የእኛ ዶሮ ዶሮ ብቻ እንደነበረውና በኋላ የሀበሻ ዶሮ እንደተባለው ዓይነት ነው።

ጥያቄ፦ ኢንስታግራም ላይ ያለው «ሪልስ»ም ከዚሁ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ፊደላችን ሁለቱንም «ሪል» ብሎ ስለሚጽፍ ነው የተመሳሰሉት፤ በእንግሊዝኛ አጻጻፋቸው ይለያያል። ያኛው ክር ከሚጠነጠንበት መሣሪያ የመጣ ጥንታዊ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ሲኒማ ሲመጣ ፊልም የሚጠቀለልበት ክብ ነገር በዚያ ስም ተጠራ፣ በ2020 ኢንስታግራም አጫጭር ቪዲዮዎችን ሲጀምር ስሙን ከዚያ ወሰደ።